ባላምባራስ ወልደአማኑኤል ቸኮላታን እንዴት እንደተዉ

በ፲፱፻፳፫ ዓመተ ምሕረት፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ዓርብ ቀን ጂብሪል መሐመድዘይን የጣቢያ ሥራውን ፈጽሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሲጋራ ሊገዛ ወደ ግሪኩ ነጋዴ ወደ ሙሴ ስታቭሮ ሱቅ ጎራ አለ። ፀሐዩ ገና አልበረደም። የአዳማ አቧራ ከባቡሩ ጢስ ጋር ተቀላቅሎ መንገዱን ጉም አልብሶታል። ጂብሪል ከደጁ ብርሃን ወደ ጨለማው ሱቅ ሲገባ ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ ቆም አለ። ዓይኑ ሲለምድ ያየው ነገር ግን ለማመን የሚያስቸግር ነበር። ከጨው ጆንያዎቹ ጀርባ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ነጭ ኩታቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ጎረቤቱ ባላምባራስ ወልደአማኑኤል አንዳች ነገር ያኝካሉ።

ባላምባራስ ወልደአማኑኤል የቡልጋ ተወላጅ ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት አልፏል። ከጣቢያው አጠገብ የእህል መጋዘን አላቸው፤ ከአርሲ ነገሌ የሚመጣውን ስንዴና ገብስ ተቀብለው በባቡር ይልካሉ። በአዳማ የተጣላ ባልና ሚስት፣ በድንበር የተካሰሰ ጎረቤት ሁሉ ወደ እሳቸው ነው የሚመጣው። ነገር ሲሰሙ ጢማቸውን እየዳበሱ ያዳምጡና፣ በመጨረሻ የሚናገሩት አንድ ቃል ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል። እንዲህ ያለ የተከበረ ሰው ከጆንያ ጀርባ ተደብቆ ሲበላ ማየት ጂብሪልን ከማስደነቅ አልፎ አሳፈረው።

ጂብሪል ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። አባቱ ሐጂ መሐመድዘይን ከወሎ መጥተው አዳማ የሰፈሩ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ግቢያቸው ከባላምባራስ ግቢ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ልጁ ድሬዳዋ ሄዶ ፈረንሳይኛ ልማር ባለ ጊዜ ሐጂ «ቋንቋቸውን ሲማር ሃይማኖቱን ይረሳል» ብለው ሲከለክሉ፣ «ሐጂ፣ ልጅዎ ምላስ ይጨምራል እንጂ ልብ አይለውጥም» ብለው ያሳመኑት ባላምባራስ ነበሩ። በሄደበት ቀን እስከ ባቡሩ ድረስ ሻንጣውን የተሸከሙለትም እሳቸው ናቸው። አሁን አራት ዓመት ተምሮ ተመልሶ በጣቢያው ስልክ ቤት ይሠራል።

«ባላምባራስ! እንደምን ዋሉ?» አለ ጂብሪል፣ ሌላ የሚለው ቢጠፋው።

ባላምባራስ ደንግጠው ዞሩ። በጢማቸው ጫፍ ላይ ቡናማ ነገር ተለጥፏል። በእጃቸው የያዙት፣ እንደ ብር የሚያበራ መጠቅለያ ወረቀት ብልጭ አለና ወደ ኩታቸው ገባ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ ነህ እንዴ ልጄ? ና፣ ና፣ እንውጣ፤ እዚህ ይሞቃል» አሉና ክንዱን ይዘው ወደ ውጭ አወጡት። ከሱቁ ራቅ ካሉ በኋላ ግራና ቀኝ አይተው፣ «ያየኸውን ለማንም እንዳትነግር። ለባለቤቴ ለዘውድነሽማ በፍጹም!» አሉት።

«ምን አየሁና ነው የምናገረው?»

«ቸኮላታ ነዋ!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የዛሬ አራት ዓመት በክረምት፣ ጎርፍ ሐዲዱን ወስዶት ባቡሩ እዚህ ሁለት ቀን ቆሞ አልነበረም? አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ዝናብ አስቸግሮት መጋዘኔ አሳደርኩት። ሲሄድ ይህን የመሰለ ነገር ሰጠኝ። መጀመሪያ ሳሙና መስሎኝ ነበር። ልታጠብበት ስል ጮኾ ወደ አፉ አመለከተኝ። ቀመስኩት። ልጄ፣ ምን ልበልህ! ምላሴ ላይ እንደ ቅቤ ቀለጠ፤ ደረቴ ውስጥ እንደ ፀሐይ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ቀን አልቀረብኝም። አሁን አሁንማ ባልበላ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም፤ መርዳሳን እንኳ በባዶ ሜዳ እቆጣዋለሁ።»

መርዳሳ ከአርሲ እህል የሚያመጣላቸው፣ ለብዙ ዘመን የሚያውቁት ወዳጃቸው ነው።

«ታዲያ እትዬ ዘውድነሽ ቢያውቁ ምን ይላሉ?»

«ሽማግሌ ሰው፣ ነገር ዳኛ፣ እንደ ሕፃን ጣፋጭ ሲልስ! ምን ትለኛለች? ማል!»

ጂብሪል ሳያስብ፣ ለሚያከብራቸው ሰው እሺ ማለት ልማዱ ስለሆነ ቃል ገባ። ቃሉን እንደ ሰጠ ግን የተማረው ትምህርት በአፉ ሞላና ማስተማር ጀመረ። «ባላምባራስ፣ ይህ ነገር ግማሹ ስኳር ነው። ጥርስ ያበሰብሳል። ደግሞ ያስቡት፤ አንዱ በሁለት መሐለቅ ቢሸጥ በስምንት ቀን አንድ ብር ነው። በዓመት አርባ አምስት ብር! በእኛ ገበያ የሦስት በሬ ዋጋ ማለት ነው። እርስዎ በየዓመቱ ሦስት በሬ ያለ ቢላዋ በልተው ይጨርሳሉ። ያልተማረ ሰው ነው እንዲህ…»

«ያልተማረ?» አሉ ባላምባራስ ቆመው። ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ያልተማርኩት፣ አንተ የተማርከው፣ ምን ልትገዛ ነበር ሱቅ የገባኸው? ሲጋራ አይደለም? እኔስ የምውጠው ሆዴ ይገባል፤ አንተ በብርህ ጢስ ገዝተህ ለነፋስ ትሰጣለህ። ደህና ዋል!» ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው ጣል አድርገው ሄዱ።

ጂብሪል ባለበት ቀረ። የተናገረው እውነት ነበር፤ ነገር ግን እውነት በድፍረት ሲነገር ከስድብ እንደማይለይ ያን ቀን ገባው። ያን ሲጋራም ሳይገዛ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ዕለት ወይዘሮ ዘውድነሽ በአጥሩ ላይ ጠሩት። «ጂብሪል፣ ወረቀትና ቀለም ይዘህ ብቅ በል፤ የምትጽፍልኝ ደብዳቤ አለኝ» አሉ። የሄደውም በደስታ ነበር፤ ልጅ ሳለ ከእናቱ ቤት ይልቅ በእሳቸው ቤት ይውል ነበርና። ዛሬ ግን ፊታቸው ጠቁሯል፣ ዓይናቸው አብጧል። ከቤቱ ወለል ላይ ቁርበት አንጥፈው አስቀመጡትና ቃላቸውን ማስጻፍ ጀመሩ።

«ይድረስ ዓለም ጤና ላለው ለወንድሜ ለአቶ ተክለሃይማኖት። እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ ደህና አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ትዳር በእርጅናዬ ፈረሰብኝ። ከፋሲካ በኋላ በቅሎ ይዘህ ና፤ ውሰደኝ።»

የጂብሪል ብዕር ቆመ፤ ቀለሙም በወረቀቱ ላይ ፈሰሰ። «እትዬ! ምን ሆኑ?»

ወይዘሮ ዘውድነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ለአንተ መናገር አያሳፍረኝም፤ ልጄ ማለት ነህ። ባላምባራስ ሌላ ሴት ይዟል።»

«ኧረ በአላህ!»

«ስማኝ። ከትዳራችን ቀን ጀምሮ ያለ እኔ እህል በልቶ አያውቅም ነበር። መንገድ ውሎ ቢመጣ እንኳ እኔ ካልቀረብኩ እጁን አይዘረጋም። ይኸው ስንት ጊዜው፣ በዘጠኝ ሰዓት ጾማችንን ልንፈታ ስንቀመጥ ‹ጥቂት ሥራ አለብኝ› ብሎ ይወጣል። ሲመለስ ጠግቧል። ሽሮዬን በጣቱ ነካ አድርጎ ይተወዋል። እኔ ብቻዬን እበላለሁ። ሌሊት ይገላበጣል እንጂ አይተኛም። አፉ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፤ የሴት ሽቶ ይሆናል። ኩታውን ሳጥብ በውስጥ በኩል ቡናማ ነገር አገኘሁበት። ከኪሱ ደግሞ ይህ ወጣ» ብለው ከመቀነታቸው ስር ተጣጥፎ የተቀመጠ የብር ወረቀት አሳዩት። «የጌጥ መጠቅለያ ነው። ለማን ነው ጌጥ የሚገዛው? ለእኔ እንደሆነ አንድ ክር አምጥቶልኝ አያውቅም።»

ጂብሪል የቸኮላታው መጠቅለያ መሆኑን ዐወቀ። የሚያውቀውን በአንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር፤ ነገር ግን ቃል ገብቷል። «እትዬ፣ ባላምባራስ እንዲህ ያለ ሰው አይደሉም» አለ በመጨረሻ።

«አንተ ልጅ ነህ፤ የወንድ ልብ አታውቅም።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንዎ። ደብዳቤው ተበላሽቷል፤ ቀለም ፈሶበታል። በጥሩ ወረቀት ገልብጬ ሐሙስ ላምጣልዎ።»

«ሐሙስ ወደ ዓለም ጤና የሚመለሱ ነጋዴዎች አሉ። እንዳታሳልፈው፤ ለማንም እንዳትናገር» አሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ወጣት በሁለት ምስጢር መካከል እንደ ተያዘ ተመልከት። የአንዱን ቢገልጥ ቃሉን ያጥፋል፤ ሁለቱንም ቢደብቅ የሚወደው ቤት ይፈርሳል። ማታ አባቱን ስም ሳይጠራ «አባቴ፣ ትልቅ ሰው ሲሳሳት እንዴት ይመከራል?» ብሎ ጠየቃቸው። ሐጂ መሐመድዘይን መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ፣ «ልጄ፣ ትልቅ ሰው ከፊት አይጎተትም፣ ከኋላም አይገፋም። አጠገቡ ተቀምጠህ እሱ የሚያየውን አብረህ እይ» አሉት።

በማግስቱ ከሥራ በፊት ወደ መጋዘኑ ሄደ። ባላምባራስ በጆንያ ላይ ተቀምጠው የግራ ጉንጫቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ባላምባራስ፣ ዓርብ ዕለት የተናገርኩትን ይቅር ይበሉኝ። ያልተማረ ማለቴ የራሴን አለመማር ያሳያል።»

«ይቅር ብያለሁ። እኔም ተቆጥቼ ነበር። ተቀመጥ» አሉ። ቂም የማያውቁ ሰው ናቸው።

«ጥርስዎ ነው?»

«የኋላው ነው። ከሌሊቱ ጀምሮ እንደ ምስማር ይወጋኛል።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የጀመረዎ?»

«ሁለት ዓመት ይሆነዋል» አሉ ባላምባራስ። ጂብሪልም አጠገባቸው ተቀመጠ። ሲቆዩ ባላምባራስ ራሳቸው ነገሩን አነሡት።

«ዐውቃለሁ፣ ቸኮላታው ነው ልትል ነው። ግን ስማኝ፣ ጉልበት ይሰጠኛል። ከበላሁ በኋላ እንደ ጎረምሳ ነው የምሆነው።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ለአንድ ሰዓት።»

«ከአንድ ሰዓት በኋላስ?»

«ከዚያማ እደክማለሁ፤ እንደገና ያምረኛል።»

«እንግዲያው ጉልበት የሰጠዎ ሳይሆን ያበደረዎ ነው፤ በሰዓቱ መልሶ ይወስደዋል። ከቤትዎ ወደ ጣቢያው ሲመጡ ሁለት ጊዜ ቆመው ሲተነፍሱ ከስልክ ቤቱ መስኮት አይቼዎታለሁ። እኔን ድሬዳዋ የሸኙኝ ጊዜ ያን ሻንጣ ተሸክመው አላረፉም ነበር።»

ባላምባራስ እንደ መገረም አሉ። «ፈረንጆቹስ? እነሱ ይህን እየበሉ አይደለም ይህን ሁሉ ሐዲድ ከባሕር እስከ አዲስ አበባ የዘረጉት?»

«ሐዲዱን የዘረጋው ትምህርታቸውና የሠራተኛው ላብ ነው፣ ቸኮላታው አይደለም። አብረውኝ የሚሠሩትን አያለሁ፤ ምሳቸውን በልተው ሲጨርሱ ጥፍር ያህል ይቆርሳሉ፤ የቀረውን ጠቅልለው ለሳምንት ያስቀምጣሉ። እርስዎ ግን ምግቡን ትተው እሱን ምግብ አደረጉት። የሌላ አገር ሰው ልማድ ስንወስድ ልኩን ጥለን ነገሩን ብቻ እናነሣለን፤ ጉዳቱ ይኸው ነው።»

«ይሁን። ግን በጾም ምን ላርግ? ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። ይህ ደግሞ የዛፍ ፍሬ ነው፤ ሙሴ ስታቭሮን ጠይቄ ‹ፍሬ ነው› ብሎኛል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እበላለሁ፤ ጾሜን አልነካም።»

ጂብሪል ከመሬት ላይ የወደቀውን መጠቅለያ አነሣ። አነበበው። ፊቱ ተለወጠ፤ ወረቀቱንም መልሶ ሊያስቀምጥ አሰበና እንደገና ያዘው።

«ምንድን ነው?» አሉ ባላምባራስ።

«ባላምባራስ፣ እኔ እስላም ነኝ። በእርስዎ ጾም ገብቼ መናገር አይገባኝም። ነገር ግን ያነበብኩትን ብደብቅዎ ያስተማሩኝን መካድ ነው።» ጣቱን በፊደሉ ላይ አደረገ። «ፍሬ መሆኑ እውነት ነው። ሙሴ ስታቭሮ አልዋሸም። ግን እዚህ ላይ ‹ኦ ሌ› ይላል። ‹ሌ› በፈረንሳይኛ ወተት ማለት ነው። ከወተት ጋር የተሠራ ነው።»

ባላምባራስ ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት፤ የማያውቁትን ፊደል ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ወተት» አሉ። «አራት ዐቢይ ጾም። አራት ፍልሰታ።» ከዚያ እጃቸውን በግንባራቸው ላይ አደረጉ። «በልጅነቴ በጾም ወራት ታምሜ እናቴ ወተት ብታቀርብልኝ ያልጠጣሁ ሰው!»

«ሳያውቁ ነው የበሉት።»

«ለማወቅ አልፈለግሁም፣ ልጄ። ከድሬዳዋ ከተመለስህ ሁለት ወር አልፎሃል። ‹ይህን አንብብልኝ› ማለት እችል ነበር። ያልጠየቅሁህ መልሱን ፈርቼ ነው። የሚወዱትን ነገር ማን ይመረምራል?»

ጂብሪል አዘነላቸው። ቢሆንም ሐሙስ እየቀረበ ነው። «ባላምባራስ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ዛሬ ቤትዎ ገብተው ነገሩን ሁሉ ለእትዬ ዘውድነሽ ይንገሩ። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ፤ እሳቸውም ምስጢር ብለውኛል። ካልነገሯቸው ግን ከበሬና ከጥርስ የሚበልጥ ነገር ያጣሉ።»

ባላምባራስ ነገር ዳኛ አይደሉም? የባልና ሚስት ጠብ ሲሰሙ ያረጁ ናቸው። ዓይናቸውን በልጁ ዓይን ላይ ተክለው ቆዩ።

«ደብዳቤ አጻፈችህ?»

ጂብሪል ዝም አለ።

«ለወንድሟ?»

አሁንም ዝም አለ።

«ሴት አለው ብላ ነው?» አሉና ልጁ መሬት መሬት ሲያይ በሳቅ ፈነዱ። «እኔ! በዚህ ሆዴ! በዚህ ጥርሴ!» ሳቁ ግን ቶሎ ከሰመ፤ ባላምባራስ በኩታቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። «ብቻዋን ትበላለች። አያለሁ እኮ! ስመለስ ሌማቱ ተከድኖ አያለሁ፣ ብቻዋን እንደ በላች ዐውቃለሁ። ግን ጣፋጩ አፌ ውስጥ ስላለ አይሰማኝም ነበር።»

ጥቂት ቆይተው ተነሡ። «እሺ። እተዋለሁ። ግን ብቻዬን አልችልም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው። አንተም ያን ጢስህን ተው። አንድ ላይ እንቸገር።»

ጂብሪል ይህን አልጠበቀም ነበር። ለምክር የመጣ ሰው ተመካሪ ሲሆን ደስ አይለውም፤ እጁም ሳያውቀው ወደ ኪሱ ሄደ። ነገር ግን ያለ ዋጋ የሚሰጥ ምክር ርካሽ እንደሆነ አሰበ። የሲጋራ ፓኬቱን አውጥቶ በባላምባራስ እጅ ላይ አስቀመጠው። «እሺ» አለ።

በዚያኑ ቀን ወደ ማታ ባላምባራስ አንድ ትልቅ ጆንያ ተሸክመው ቤታቸው ገቡ። ጂብሪልንም «ና፣ ብቻዬን አልደፍራትም» ብለው አስከትለውታል። ወይዘሮ ዘውድነሽ ልጁን ሲያዩ ደብዳቤው የወጣ መስሏቸው በዓይናቸው ወጉት። ባላምባራስ ግን ምንም ሳይናገሩ ጆንያውን በቤቱ መካከል ገለበጡት። በሺህ የሚቆጠር የብር ወረቀት እየተንኮሻኮሸ ፈሰሰ፤ ከመብራቱ ብርሃን ጋር ቤቱ ሁሉ አብረቀረቀ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ ወደ ኋላ እያሉ።

«ውሽማዬ ናት፣ ዘውዴ። አለችው ያልሻት ሴት ይህችው ናት። የፈረንጅ ጣፋጭ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ካንቺ ደብቄ ስበላ ኖርኩ። ወረቀቱ እንዲህ ሲያምር መጣል አሳዘነኝና አጠራቀምኩት።»

«ሌላ ሴት የለችም?»

«በመድኃኔ ዓለም! ካንቺ ሌላ ማንም የለችም።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ ጎንበስ ብለው አንድ ወረቀት አነሡ፤ አሸተቱት። ከባላቸው አፍ የሚሸታቸው ሽታ ነበር። «ስሙ ማን ነው?»

«ቸኮላታ።»

«ስሙ ራሱ ችኮላ ነው!» አሉና መሳቅ ጀመሩ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እኔ ደግሞ ሴት ብትሆን ሄጄ ፀጉሯን እነጫለሁ ብዬ ነበር፤ ከወረቀት ጋር እንዴት እጣላለሁ?» ከዚያ ግን ሳቁ ቆመና ድምፃቸው ተሰበረ። «ለምን ደበቁኝ?»

«አፈርኩ።»

«ለእኔ መንገር ሲያሳፍርዎ፣ እኔ ብቻዬን ስበላ አላሳፈረዎትም?»

ስንቱን በአንድ ቃል ያስታረቁት ባላምባራስ እጃቸውን ብቻ ዘረጉ፤ ወይዘሮ ዘውድነሽም ጥቂት ካስለመኗቸው በኋላ ያዙት። ጂብሪል ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ለእሳቸው ሰጠና ቀስ ብሎ ወጣ።

ልማድን መተው ግን በአንድ ቀን እንባ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ባላምባራስ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄደው ተናዘዙ፤ በየቀኑ አርባ ስግደት ተሰጣቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሳቸውን ያዞራቸው፣ በዘጠኝ ሰዓት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ወይዘሮ ዘውድነሽ ዘዴ አበጁ። በዚያች ሰዓት ባላቸውን ከቤት አያስወጡም፤ ምሳውን ትኩሱን አቅርበው አብረው ይቀመጣሉ። ኪሳቸውን የሽምብራ ቆሎ ይሞሉላቸዋል፤ ጣፋጭ ሲያምራቸው አንድ ቴምር ይሰጧቸዋል፣ ከዚያ በላይ የለም። ወደ ጣቢያው ሲሄዱ በሱቁ በኩል ሳይሆን በጨርቅ ተራው ዞረው እንዲሄዱ አደረጉ። ፈተናን ማሸነፍ ለማይችል ሰው፣ መንገዱን መለወጥ ትልቅ ጥበብ ነውና።

በስድስተኛው ቀን ጂብሪል አልቻለም። ከስልክ ቤቱ ወጥቶ፣ «አንዲት ብቻ» እያለ በጓሮ በኩል ወደ ሙሴ ስታቭሮ ሱቅ ሾለከ። ከበሩ ሲደርስ ከሌላ አቅጣጫ በግድግዳው ጥግ ጥግ ከሚመጣ፣ እስከ ዓይኑ ከተከናነበ ትልቅ ሰው ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠመ።

ባላምባራስ ነበሩ።

ሁለቱም ተያዩ።

«ጨው ልገዛ ነው» አሉ ባላምባራስ።

«እኔም ክብሪት» አለ ጂብሪል።

«ሲጋራ የተወ ሰው ክብሪት ምን ያደርግለታል?»

«ቤቱ ጨው የሞላው ሰውስ?»

ሙሴ ስታቭሮ ከውስጥ የሁለቱን ሳቅ ሰምቶ ቢወጣ፣ ሽማግሌውና ወጣቱ ተቃቅፈው ከሱቁ ሲርቁ ብቻ አየ። ከዚያን ቀን በኋላ ሁለቱም አልተመለሱም። ባላምባራስ እንዳሉት፣ «ሰው ለራሱ የገባውን ቃል ያፈርሳል፤ የሚወደው ሰው እያየው ግን ለማፍረስ ያፍራል።»

ፋሲካ ደረሰ። ጾሙ ተፈታ፤ አሁን ወተትም ቅቤም ተፈቅዷል። ግሪኮችም በዚያው ቀን ፋሲካን ያከብራሉና ሙሴ ስታቭሮ የጠፉበትን ደንበኛ አስቦ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ትልቁን ቸኮላታ በቀይ ክር አስሮ ለባላምባራስ የበዓል ስጦታ ላከላቸው። ሐጂ መሐመድዘይንና ጂብሪል እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጥተው ተቀምጠው ነበር። ወይዘሮ ዘውድነሽ የባላቸውን እጅ ተመለከቱ።

እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ባላምባራስ ክሩን ፈቱ፣ ወረቀቱን ገለጡ፣ ቸኮላታውን በቢላዋ ቆራርጠው በሳህን ለእንግዶቹ አዞሩ። ወይዘሮ ዘውድነሽ የመጀመሪያዋን ቅንጣት ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ቤቴን ሊያፈርስ የነበረው ይህ ነው? ያረረ ቂጣ እኮ ነው የሚመስለው!»

«እርስዎስ አይቀምሱም?» አሉ ሐጂ።

«እኔ ድርሻዬን የአራት ዓመት አስቀድሜ በልቻለሁ» አሉ ባላምባራስ፤ ሳህኑንም ወደ ጎረቤት ልጆች ላኩት።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሐጂ መሐመድዘይን በአጥሩ ላይ ተደግፈው፣ «ባላምባራስ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ ልጄም ሲጋራውን ትቶ ያስቸግረው የነበረው ሳል ለቀቀው። እርስዎስ ያን ነገር በመተው ምን አተረፉ?» ብለው ጠየቋቸው።

ባላምባራስ ከጓሮአቸው የቆመችውን ቀይ ላም አሳዩ። መርዳሳ ከአርሲ መርጦ ያመጣላቸው፣ በስድስት ወር ቁጠባ የተገዛች ናት። «ይህችን አተረፍኩ። ቀድሞ የሩቅ አገር ላም ወተት በወረቀት ጠቅልለው ይሸጡልኝ ነበር፤ አሁን የራሴን ላም ወተት ባለቤቴ ታልብልኛለች፣ ለእናንተም ቤት ይተርፋል። የታመመውን ጥርሴን አስነቀልኩ፤ የቀሩት ግን አይወጉኝም፤ ሌሊቱን እንቅልፌን እተኛለሁ። ከዚህ እስከ ጣቢያው ሳላርፍ እሄዳለሁ፤ ስግደቱም ሳይረዳኝ አልቀረም። ትልቁ ትርፌ ግን በዓይን አይታይም። ሐጂ፣ ሰው የሚወደውን ነገር ከሚወደው ሰው ከደበቀ፣ ያ ነገር ቢጣፍጥም መርዝ ነው። የምደብቀው ነገር ከሌለኝ ወዲህ ቤቴ ስገባ ወደ ኋላዬ አላይም። ገንዘቡ፣ ጤናው፣ እንቅልፉ ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።»

ይህን ሲናገሩ ወይዘሮ ዘውድነሽ ከቤት ብቅ አሉ። «ባላምባራስ፣ ወጡ ቀረበ፤ ይግቡ» አሉ።

ባላምባራስ ሐጂን ተሰናብተው፣ እናቱ እንደ ጠራችው ልጅ ፈጥነው ገቡ።